ቤት በባለቤቱ እጅ፤ ስለ አዲስ አበባ ቤቶች መሻሻልና ስለ ዋጋቸው ታሪካዊ ሐተታ

ሰው ቤቱን የሚያሻሽለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ራሱና ቤተ ሰቡ በምቾት እንዲኖሩበት ሲሆን፤ ሁለተኛው ቤቱ በሌላ ሰው ዓይን ከፍ ብሎ እንዲታይና ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ የተሻለ ዋጋ እንዲያወጣ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ስለ ሆነ ብዙ ምርመራ አያሻውም። ሁለተኛው ግን ታሪክ አለው፤ ምክንያቱም ቤት የሚሸጥና የሚገዛ ንብረት እንዲሆን አስቀድሞ ከተማው በአንድ ስፍራ መርጋት፤ የመሬቱም ባለቤት መታወቅ፤ ሕጉም መፍቀድ አለበት። አዲስ አበባ ከተቈረቈረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው ዘመን ይህ ሁሉ ደጋግሞ ተለዋውጧል። ቤቱን በገዛ እጁ መርጎ፤ ቈርቈሮ መትቶ፤ ወለል ለስኖ ያሻሻለ ሰው የድካሙን ዋጋ ራሱ ያገኘበት ጊዜ ነበረ፤ ሌላ ሰው የወሰደበት ጊዜ ነበረ፤ ማንም ያላገኘበት ጊዜም ነበረ። በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው ይህንኑ ነው።

የሸዋ ቤተ መንግሥት በአንኮበር፤ በልቼ፤ በእንጦጦ እየተዘዋወረ በነበረበት ዘመን መኳንንቱና ወታደሩ የሚሠሩት ጐጆ የጥቂት ዓመታት ማደሪያ ነበር። በአካባቢው ያለው እንጨት ተቈርጦ ሲያልቅ ሰፈሩ ይነሣል። ነገ ጥሎት ለሚሄደው ቤት ደግሞ የድንጋይ መሠረት የሚያስቀምጥ ሰው አይገኝም። አዲስ አበባም ይኸው ዕጣ ሊደርስባት ተቃርቦ ነበር፤ ማገዶና የቤት እንጨት ከሩቅ እየመጣ በመወደዱ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ ርቆ በሚገኘው በአዲስ ዓለም አዲስ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበርና። ይሁን እንጂ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚያድግ፤ ሲቈረጥም ከጕቶው መልሶ የሚያቈጠቍጥ ሆኖ ስለ ተገኘ ችግሩ ተቃለለ። አዲስ ዓለም የቤተ ክርስቲያን ስፍራ ሆና ስትቀር መዲናው በነበረበት ጸና። ባሕር ዛፍ መሬቱን ያደርቃል፤ ሌላውን ተክል ያቀጭጫል እየተባለ ሲወቀስ እንሰማለን፤ ወቀሳውም መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን አዲስ አበቤ ለቤቱ መጨነቅ የጀመረው ከተማው የማይነሣ መሆኑን ካመነ በኋላ ነው፤ ይህንንም እምነት የሰጠው ያው የሚወቀሰው ዛፍ ነው።

ከተማው ከረጋ በኋላ የመሬቱ ነገር ተከተለ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የመሬት ደንብ መሠረት በከተማው ይዞታ ያለው ሰው ቦታውን አስለክቶ ሰነድ እንዲቀበል፤ ሊሸጠውና ሊለውጠውም እንዲችል ተፈቀደ። ከዚያ በፊት ቦታ በማዕርግና በአገልግሎት የሚሰጥ፤ በቍጣም የሚነጠቅ ነበር። ሰነዱ ከመጣ በኋላ ግን ቤትና ቦታ በገበያ የሚጠራበት ዋጋ አገኙ።

በዚሁ ዘመን አካባቢ የመጣው ሦስተኛው ነገር ቈርቈሮ ነው። በመጀመሪያ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ስለሚመጣ የመኳንንትና የባለጠጋ ነጋዴ ብቻ ነበር። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ግን እየረከሰ ሄዶ ወደ ተራው ሰው ቤት ወረደ። ቈርቈሮ በሣር ክዳን ላይ ያለው ብልጫ የታወቀ ነው። ሣር በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ተባይ ያስጠልላል፤ አንድ ፍንጣሪ እሳት ሰፈሩን ሁሉ ሊያወድመው ይችላል። ቈርቈሮ ግን እሳት አይበላውም፤ ዝናቡንም በአሸንዳ ሰብስቦ ለበርሜል ያስረክባል። ጉድለቱ ቀን ማሞቁ፤ ሌሊት ማቀዝቀዙና በክረምት ጩኸቱ ጆሮ መንሣቱ ነው።

ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማይታሰበውና ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ሌላ ነው። ቈርቈሮ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ዕቃ በመሆኑ በክብ ጐጆ ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ክዳኑን መለወጥ የፈለገ ሰው የቤቱን ቅርጽ መለወጥ ግድ ሆነበት። ክቡ ቤት አራት ማዕዘን ሆነ፤ አራት ማዕዘኑም በግድግዳ ለመከፈል የተመቸ ስለ ነበረ ሳሎን፤ መኝታ ቤትና ጓዳ ተለዩ። በር ያለው ክፍል ሲገኝ ደግሞ ለሌላ ሰው ማከራየት ተቻለ። ጣራ ብቻ ለመለወጥ ብሎ የተነሣው ባለቤት ሳያስበው የኪራይ ቤት ባለቤት ለመሆን መንገድ ጠረገ ማለት ነው።

ግድግዳው ግን ጭቃ ሆኖ ቀረ። የጭቃ ቤት ሥራ ማንም ሰው በገዛ እጁና በጎረቤቱ ርዳታ ሊፈጽመው የሚችል በመሆኑ በዝርዝር ሊነገርለት ይገባል። የባሕር ዛፉ ቋሚ ተልጦ፤ ሥሩ ምስጥ እንዳይበላው በእሳት ይለበለባል፤ ወይም በኋለኛው ዘመን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባና ይተከላል። ማገሩ ከውስጥና ከውጭ በሚስማር ይመታል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም እየተገላበጠና ውሃ እየተጨመረበት እስኪቦካ ድረስ ብዙ ቀን ይቈያል። ይህ መቈየት ለከንቱ አይደለም፤ በሚገባ የቦካ ጭቃ ከጭዱ ጋር ይዋሐዳል፤ ሲደርቅም እንደ ጥሬው አይሰነጣጠቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ የሚያሳየውን ስንጥቅ ሁለተኛው ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ቀጭኑ ጭቃ ወይም እበት ይለቀለቃል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ የሴቶች ሥራ ነበር፤ የእጃቸው ልስላሴ በግድግዳው ላይ ይታወቅ ነበርና። በመጨረሻ ኖራ ይቀባል። ምርጊት ያለበት ቀን የሰፈሩ ወጣት ሁሉ እስከ ጕልበቱ ጭቃ ውስጥ የሚገባበት፤ ንፍሮና ጠላ የሚቀርብበት ቀን ነው። የዚህ ሁሉ ድካም ዋጋ በገንዘብ አይመዘገብም ነበር፤ ይሁን እንጂ ቤቱ በተሸጠ ጊዜ በዋጋው ውስጥ ይገባል።

የጭቃ ቤት ጠላቱ ከላይ አይደለም፤ ከታች ነው። ከክፈፉ የሚወርደው ዝናብ መሬቱን ሲመታ ጭቃማው ውሃ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ከመሬት ውስጥ ያለው ርጥበትም ወደ ላይ ይሳባል፤ በዚህ መካከል የቋሚው ሥር ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይገባል። ስለዚህ እውነተኛው መሻሻል ክፈፉን ማስረዘም፤ በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቈፈር፤ የግድግዳውንም ታችኛ ክፍል በድንጋይ መደገፍ ነበር። ይህን ሦስት ነገር ያደረገ ሰው የቤቱን ዕድሜ በብዙ ዓመታት ያስረዝማል። ከሦስቱ አንዱም ግን ለገዥ ዓይን አይማርክም፤ ቦይን አይቶ ዋጋ የሚጨምር ገዥ ጥቂት ነው። ኖራና ቀለም ግን ወዲያው ይታያሉ። ቤት ለሽያጭ ማዘጋጀትና ቤት መጠገን የተለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የነበረው የኢጣልያ ወረራ በቋንቋችን ውስጥ የተወው ምልክት የቤት ሥራ ቃል ነው። ሊሾ፤ ስቱኮ፤ ኮርኒስ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ሊሾ ማለት በዚያ ቋንቋ ልስልስ ማለት ነው። በዚያው ዘመን በድሬዳዋ የተቋቋመው የሲሚንቶ ፋብሪካ ዕቃውን በአገር ውስጥ እንዲገኝ አደረገው። ከነጻነት በኋላ ቤቱን ለማሻሻል የተነሣ ሰው የሚከተለው ቅደም ተከተል በሁሉም ሰፈር ተመሳሳይ ሆነ። መጀመሪያ የመሬቱ ወለል ሊሾ ይሆናል፤ ቀጥሎ የጣራው ውስጠኛ ክፍል በአቡጀዴ ወይም በሰሌን ኮርኒስ ይሸፈናል፤ ከዚያ በኋላ የፊት ለፊቱ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰናል። ፊት ለፊቱ ብቻ ማለቴን አንባቢ ልብ ይበል፤ በመንገድ የሚያልፈው ሰው ጓሮውን አያይምና።

ሲሚንቶ ግን በጭቃ ላይ መልካም ጎረቤት አይደለም። ጭቃ በርጥበት ያብጣል፤ በድርቅ ይኰማተራል፤ ሲሚንቶ እንዲህ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ግድግዳው አስቀድሞ ካልተነቃቀሰና ሽቦ ካልተወጠረበት በቀር ልስኑ ከጥቂት ክረምት በኋላ ከጭቃው ይለያል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ልስኑ ርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ስለሚይዘው እንጨቱ በስውር መበስበሱ ነው። ብልህ ገዥ ይህን ስለሚያውቅ የተለሰነውን ግድግዳ በጣቱ መገጣጠሚያ መታ መታ ያደርገዋል፤ ድምፁ ባዶ ከሆነ ልስኑ ለቋል ማለት ነው። ሻጭም በበኩሉ ይህን ስለሚያውቅ በዚያ ግድግዳ ላይ ቁም ሣጥን ያስጠጋል። ደላላው ሁለቱንም ያውቃል፤ የሚናገረው ግን ስለ ሠፈሩ ጨዋነት ብቻ ነው።

በዚያን ዘመን የአንድን ግቢ ዋጋ ከምንም ነገር በላይ ከፍ የሚያደርገው በጓሮ በኩል በተርታ የሚሠራው ሰርቪስ ቤት ነበር። በመጀመሪያ ለማድ ቤትና ለሠራተኞች ታስቦ የተጀመረው ተርታ ክፍል እየተራዘመ ሄዶ የኪራይ ቤት ሆነ። ገዥው ቤቱን ሲጠይቅ የክፍሉን ስፋት ሳይሆን በወር የሚያስገባውን ገንዘብ መጠየቅ ጀመረ። ይህም በሕዝቡ መካከል ትልቅ ልዩነት አስከተለ። ባለ ርስቱ ቤቱን ሲያሻሽል ኪራይም ዋጋም ይጨምርለታል። ተከራዩ ግን ያረፈበትን ክፍል በገዛ ገንዘቡ ሊሾ ቢያደርግ፤ ኮርኒስ ቢመታ፤ የተሻሻለው ክፍል ከፍ ባለ ኪራይ ለሌላ ሊሰጥበት ይችል ነበር፤ ስለዚህም ቤቱን ባሳመረ መጠን የመባረሩን ቀን ያቀርበው ነበር። በቦታ ጪሰኝነት፤ ማለትም መሬቱን ብቻ ተከራይቶ ቤቱን ራሱ ሠርቶ የሚኖረው ሰው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በሌላ ሰው መሬት ላይ ቤት የሚሠራውን ሰው ለሁለት ከፍሎ ተመለከተው፤ ባለ መሬቱ እየተቃወመ የሠራውንና ባለ መሬቱ ሳይቃወም የሠራውን ለየ። ሳይቃወም ለተሠራው ቤት ሠሪው ባለቤት እንደሚሆን፤ ባለ መሬቱ ሊያስለቅቀው ቢፈልግም ካሣ እንዲከፍል ደነገገ። ይህ ድንጋጌ ለዘመኑ ትልቅ ርምጃ ነበር፤ የእጅን ሥራ ከመሬቱ ለይቶ በራሱ ዋጋ ያለው አድርጎ ቈጥሮታልና።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 ይህን ሁሉ ከሥሩ ነቀለው። የከተማ ቦታ ሁሉና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ማከራየትም ተከለከለ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት፤ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ የድኻው ኪራይም ተቀነሰ። ትናንት በባለ ርስቱ ፊት ይንቀጠቀጥ የነበረው ተከራይ ማንም በድንገት የማያስወጣው ሆኖ አደረ። ይህን ጥቅም አቃልሎ መናገር እውነትን መበደል ነው።

ነገር ግን የቀበሌ ቤት ዕድል የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ኪራዩ ዝቅተኛ በመሆኑ ቀበሌው ለጥገና የሚበቃ ገንዘብ አልነበረውም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ ለማፍሰስ ልቡ አልፈቀደም። ለማሻሻል የፈለገውም ፈቃድ መጠየቅ ነበረበት። ያን ጊዜ የሰው እጅ ወደ ውስጥ ዞረ። ሊወሰድ የሚችለው፤ ሊታይም የማይችለው ነገር ብቻ ተሻሻለ። በከፍታው ተጠቅመው ልጆች የሚተኙበት ቆጥ የሠሩ፤ ክፍሉን በመጋረጃና በኮምፔንሳቶ የከፈሉ፤ በደጃፋቸው ትንሽ ማድ ቤት ያስጠጉ ብዙ ናቸው። ውጭው ግን የሁሉም ሆኖ የማንም አልሆነም። በ1976 ዓ.ም. የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር እንኳ ከፋብሪካው የወጣው ሲሚንቶ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ግድግዳ ላይ ብዙም አልታየም። ዛሬ በአራት ኪሎ፤ በልደታና በአዲስ ከተማ የፈረሱትን ሰፈሮች አይቶ የነዋሪውን ስንፍና የሚወቅስ ሰው ያጋጥመኛል። ሰዎቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ ሒሳብ ዐዋቂዎች ነበሩ። የማያወርሱትንና የማይሸጡትን ቤት ከሚያስፈልገው በላይ አላሻሻሉም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን አጸና። በዚያው አንቀጽ 40 ውስጥ ግን ዜጋ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለገነባው ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው፤ ሊሸጠውም፤ ሊያወርሰውም፤ መሬቱ ሲወሰድበትም ካሣ ሊጠይቅበት እንደሚችል ተጻፈ። ይህ ቃል ለታሪካችን ዋና ነገር ነው። በሕጉ መሠረት በአዲስ አበባ የሚሸጠው መሻሻሉ ብቻ ነውና። ሻጭና ገዥ በውል ላይ የሚጽፉት የግድግዳውን፤ የጣራውንና የወለሉን ዋጋ ነው።

እውነቱ ግን ማንም የሚያውቀው ነው። በመሐል ከተማ ወይም በቦሌ ያለ ያረጀ የጭቃ ቤት በከተማው ዳር ካለ አዲስ የብሎኬት ቤት በብዙ እጥፍ ይሸጣል፤ ገዥውም ቍልፉን በተቀበለ ማግስት ያፈርሰዋል። የተከፈለው ገንዘብ ለስፍራው ነው፤ ግድግዳው ለመሬቱ ሽያጭ እንደ ልብስ ሆኖ አገለገለ። ከዚህ የተነሣ በመሐል ከተማ ያለ ባለ ይዞታ ለሽያጭ ብሎ ቤቱን በማሳመር የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ በዳር ከተማ ያለው ግን እያንዳንዱ መስኮትና እያንዳንዱ የሴራሚክ ንጣፍ ይቈጠርለታል። በሊዝ በሚያዘው ቦታ ላይም መንግሥት ይህንኑ ተገንዝቦ በ2004 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ግንባታው ሳይጋመስ መብቱን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው የዋጋውን ጭማሪ አብዛኛውን ለመንግሥት እንዲተው አደረገ። ትርፉ የሚገባው ለሠራ ነው፤ አጥሮ ለተቀመጠ አይደለም ማለቱ ነው።

በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት፤ ሕዝቡ ኮንዶሚኒየም የሚለው፤ ለእጅ ሥራ አዲስ ሜዳ ከፈተ። ዕጣ የወጣለት ሰው የሚረከበው ቤት ማጠናቀቂያው ብዙ የጐደለው ነበር። ወለሉን ሴራሚክ ማንጠፍ፤ ግድግዳውን በስቱኮና በቀለም ማልበስ፤ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን ማስገባት የባለ ዕድሉ ፋንታ ሆነ። ለአምስት ዓመት መሸጥ የተከለከለ ቢሆንም ብዙው ሰው ሲያስጌጥ ያሰበው ከአምስት ዓመት በኋላ ያለውን ዋጋ ነው፤ እስከዚያ መታገሥ ያልቻለውም በውክልና ስም የሸጠ ነበረ። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ያሳስባል። ሳሎን ለማስፋት ሲባል ግድግዳ የሚያፈርሱ ሰዎች አሉ። የክፍል መለያ የሆነውን የብሎኬት ግድግዳ ማንሣት አንድ ነገር ነው፤ ምሰሶንና ወራጅ ኮንክሪትን መንካት ግን የላይኛውንና የታችኛውን ጎረቤት ሕይወት ለራስ ዋጋ መያዣ ማድረግ ነው። በጐጆና በቪላ ዘመን ባለቤቱ ቢሳሳት በራሱ ላይ ነበር፤ በጋራ ቤት እንዲህ አይደለም።

የቤት መሻሻል ከገበያ ሌላ የሚመዘንበት አንድ ስፍራ አለ፤ እርሱም መንግሥት ቦታውን ለልማት ሲፈልገውና ካሣ ሲተመን ነው። በ1997 እና በ2011 ዓ.ም. የወጡት አዋጆች ካሣው በመሬቱ ላይ ያለውን ንብረት በወቅቱ ዋጋ ለመተካት የሚያስፈልገውን ወጪ ያህል እንዲሆን ደንግገዋል፤ የስፍራው ዋጋ ግን አይታሰብም። ስለዚህ ገማቹ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ ደላላው ያላየውን ሁሉ ያያል። ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት፤ ወለሉ ሊሾ ነው ወይስ ሴራሚክ፤ ኮርኒሱ ከምን ተሠራ፤ በሩ እንጨት ነው ወይስ ላሜራ እያለ ይመዘግባል። የጓሮው አጥር፤ የውሃው መሥመር፤ የተተከለው ተክል ሳይቀር ይጻፋል። በመሐል ከተማ ገዥ ሊያፈርሰው ብቻ የሚገዛው ያ አሮጌ ቤት በዚህ መዝገብ ላይ የሚቈጠረው በምርጊቱ፤ በቈርቈሮውና በሊሾው ብቻ ነው።